ባንኮክ፣ ሃኖይ፣ ቶኪዮ፦ ሁለተኛውን ሌን ፍሩ

ሃኖይ ልሄድ ነው ስል የሰማኝ ሁሉ ስለ ሞተሩ ነበር የሚያወራልኝ፣ መንገድ መሻገር አትችልም፣ ሆቴልህ በር ላይ ቆመህ ነው የምትመለሰው፣ ቪዲዮውን አላየህም ወይ ምናምን። ስለ ባንኮክ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። አሁን ጉዞው ካለቀ በኋላ እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፣ ያስፈራኝ ባንኮክ ነው፣ እሱም በተጨናነቀው ጠባብ ሰፈር ሳይሆን ሰፊውና የሚያምረው መንገድ ላይ፣ ዜብራው ጥርት ብሎ የተቀባበት ቦታ።

መንገዱ ራቻዳምኖን ክላንግ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1940 የተመረቀው የዲሞክራሲ ሐውልት መሃሉ ላይ የቆመበት። ቱሪስት የሚርመሰመስበት ካኦሳን ከጎኑ ስለሆነ ቦርሳ ያዘለውም ሻንጣ የሚጎትተውም እሱን መንገድ ሳያቋርጥ አይውልም። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሌኑ፣ መኪና ተከታትሎ የሚሄድበት መስመር ማለቴ ነው፣ ብዙ ነው። እኔና ጓደኛዬ ዜብራው ጫፍ ላይ ቆመን ስንጠብቅ በእኛ በኩል ባለው ሌን የሚመጣ ታክሲ ፍሬን ይዞ ቆመልን፣ ሾፌሩ ፈገግ ብሎ በእጁ እለፉ አለን፣ በጣም ደግ ሰው ነው በእውነት፣ እኛም ገባን። የታክሲው አፍንጫ ጋ ስንደርስ ጓደኛዬ ክንዴን ያዘኝና «ቆይ ቆይ» አለ፣ ከታክሲው ባሻገር ባለው ሌን አንድ ሞተር ፍጥነቱን ምንም ሳይቀንስ ሽው ብሎ አለፈ፣ ከኋላው ደሞ ፒካፕ።

ሞተረኛው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ይሄን ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። እኛን አላየንም። ታክሲው ሸፍኖናል፣ እሱ የሚያየው የቆመ ታክሲ ብቻ ነው፣ የቆመ ታክሲ ደሞ ሰው እያወረደ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ አልፎት ይሄዳል። እኛም እሱን አላየነውም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ዜብራ ላይ የሚያሰጋህ መጀመሪያ የሚመጣው መኪና አይደለም፣ ያ ቆሞልሃል፣ የሚገጭህ ያ ስለቆመልህ ሳታየው የቀረኸው ሁለተኛው ነው። መብራት በሌለበትና ሌኑ በበዛበት ማቋረጫ ሁሉ ችግሩ ይሄው ነው፣ የትም አገር። የመንገድ ኢንጂነሮች በደንብ ያውቁታል፣ መፍትሄውም ውድ አይደለም፣ መኪና የሚቆምበትን መስመር ከዜብራው ጥቂት ሜትሮች ወደኋላ ወስዶ መቀባት ነው፣ የመጀመሪያው መኪና ራቅ ብሎ ከቆመ በጎኑ የሚመጣው ሰው እግረኛውን አሻግሮ ያየዋል። ዜብራው ጠርዝ ድረስ ተጠግቶ የሚቆም ሾፌር ግን ደግነቱ ራሱ ግድግዳ ይሆናል።

ከዛ በኋላ ባንኮክ ውስጥ በሙሉ እያንዳንዱን ሌን እንደ አንድ ራሱን የቻለ መንገድ ነበር የምናቋርጠው፣ የቆመልን መኪና አፍንጫ ጋ እንቆማለን፣ አንገታችንን እናወጣለን፣ እናያለን፣ እንቀጥላለን። ከኋላ የሚመጡ ቱሪስቶች ይገረሙብናል፣ አንዳንዶቹ ስልካቸውን እያዩ አልፈውን ይሄዳሉ፣ ዜብራው ላይ ስለሆኑ በቃ ተረጋግተዋል፣ በአገራቸው ዜብራ ላይ እግር ካሳረፍክ መኪና ይቆማል፣ እዚህም እንደዛ መስሏቸዋል። ቀለሙ የትም አገር አንድ ዓይነት ነው፣ ሾፌሩ ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

ሌላም አለ፣ መብራት ብልጭ ማድረግ። እንግሊዝ አገር ሾፌሩ መብራት ብልጭ ካደረገልህ ብዙውን ጊዜ እለፍ ማለቱ ነው። ታይላንድ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ «እኔ እየመጣሁ ነው፣ እንዳትገባ» ማለት ነው። ይሄንን ያላወቀ ሰው ምን እንደሚያደርግ አስቡት፣ ብልጭታውን አይቶ አመስግኖ ይገባል። በዛ ላይ መኪና የሚነዳው በግራ ነው፣ እኔ ደሞ የለመድኩት በቀኝ ሲነዳ ስለሆነ አንገቴ በልማድ መጀመሪያ ወደ ግራ ይዞራል፣ መኪናው ግን ከቀኝ ነው የሚመጣው። ሎንዶን ውስጥ ለዚሁ ብለው አስፋልቱ ላይ «ወደ ቀኝ ተመልከት» ብለው በትልልቅ ፊደል ጽፈውታል፣ ርካሽ ነገር ነው፣ ቱሪስት በሚበዛበት ከተማ ሁሉ ለምን እንደማይጻፍ አይገባኝም።

ባንኮክ ውስጥ ሰው ስለ ዜብራ ሲያነሳ የ2022ቱን ነገር ሳያነሳ አያልፍም። ጃንዋሪ 21 ቀን ፓያ ታይ መንገድ ላይ አንዲት ወጣት የዓይን ሐኪም ዜብራ ላይ እያቋረጠች እያለ ትልቅ ሞተር የሚነዳ ፖሊስ ገጭቶ ገደላት። ፖሊስ። አገሩ በሙሉ ተናወጠ፣ ዜብራዎች እንደ አዲስ ተቀቡ፣ በዛው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ደሞ በተሻሻለው ሕግ ዜብራ ላይ ለእግረኛ ያልቆመ ሾፌር የሚቀጣው ከፍተኛው ገንዘብ ከ1,000 ወደ 4,000 ባት ወጣ። ቅጣቱ ጥሩ ነው፣ ግን ራቻዳምኖን ላይ ቆሜ ያየሁት ቅጣት የሚፈራ ሰው አይደለም፣ ቀለም ብቻውን አላስቆመውም። አሶክ የሚባለው ሰፈር አካባቢ ስትሆኑ ከመንገዱ በላይ በሚሄደው ባቡር፣ በስካይትሬኑ ጣቢያ በኩል ከላይ ማለፍ ይቻላል፣ እኛ እንደዛ ነበር የምናደርገው፣ ደረጃ መውጣት ለሚከብደው ሽማግሌ ወይም ጋሪ ለምትገፋ እናት ግን ድልድይ መልስ አይመስለኝም፣ ሰውን ወደ ሰማይ አውጥቶ አስፋልቱን በሙሉ ለመኪና መስጠት ነው።

ከዛ ሃኖይ። እዚህ ደሞ በቀኝ ነው የሚነዱት፣ አንገቴ ገና በግራ መነዳቱን ለምዶ ሳይጨርስ እንደገና ተገለበጠ።

ሆአን ኪየም ሐይቅ አካባቢ፣ አሮጌው ሰፈር፣ ልክ እንደተባለው ነው፣ ሞተሩ ማለቂያ የለውም፣ ክላክሱ አያቆምም፣ የእግረኛ መንገዱ በቆሙ ሞተሮች ተይዞ ሰው አስፋልት ላይ ነው የሚሄደው። ግን ተመልከቱት እስኪ ፍጥነቱን። ብዙዎቹ ሞተሮች ሰው ሮጦ ከሚደርስበት ብዙም አይፈጥኑም። የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ የሚለው ነገር አለ፣ አማካይ ፍጥነት በ1 ከመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ በ4 ከመቶ ይጨምራል፣ መኪና ከፊት ለፊት የገጨው እግረኛ ደሞ ፍጥነቱ በሰዓት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የመሞት ዕድሉ ወደ አራት እጥፍ ተኩል ነው የሚደርሰው። በዓመት በዓለም ላይ በመንገድ አደጋ ከሚሞተው 1.19 ሚሊዮን ሰው 23 ከመቶው እግረኛ ነው፣ በ2023ቱ ሪፖርታቸው። እግረኛን የሚገጨው ጫጫታው አይደለም፣ ፍጥነት ነው የሚገድለው። ሃኖይ አሮጌው ሰፈር ውስጥ ደሞ አንድም ሰው በዜብራ ተማምኖ አይገባም፣ ሾፌሩም እግረኛ ከየትም ሊወጣ እንደሚችል ያውቃል፣ ሁለቱም ዓይናቸውን ከፍተው ነው ያሉት። የባንኮኩ ሞተረኛ እኮ የጎደለው ይሄ ነበር፣ ሰው ይኖራል ብሎ አልጠበቀም።

አቋራረጡን ያሳየችን የሆቴላችን እንግዳ ተቀባይ ናት፣ በእረፍቷ ሰዓት እስከ ሐይቁ ሸኘችን። አትሩጡ፣ ወደኋላ አትመለሱ፣ እርምጃችሁን አትቀያይሩ፣ በቃ። ሞተረኛው ከሩቅ ያይህና አሁን እዚህ ነው፣ እኔ ስደርስ እዛ ይሆናል ብሎ አስልቶ ከኋላህ ወይ ከፊትህ ያልፋል፣ አንተ ደንግጠህ ከቆምክ ወይ ከሮጥክ ስሌቱ ተበላሸ። ይሄንን ሁሉም የጉዞ ጸሐፊ ይጽፈዋል፣ እሷ ግን ሌሎቹ የማይሉትን ጨመረችበት፦ ይሄ ለሞተር ብቻ ነው። አውቶቡስና መኪና ዞሮህ ማለፍ አይችልም፣ ቦታም የለውም፣ ስለዚህ አውቶቡስ ስታይ አትግባ፣ ገብተህም ከሆነ ሞተሮቹ መሃል ቁምና አሳልፈው። የኤሌክትሪክ ሞተሩን ደሞ በጆሮህ አትጠብቀው፣ ድምፅ የለውም። የምትናገረው በእንግሊዝኛ ቢሆንም እጇ ነበር ዋናውን የሚያስረዳው፣ ዝቅ አድርጋ ወደፊት ዘርግታ እንደ ማቆሚያ ምልክት ትይዘዋለች።

ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ቬትናም ውስጥ ቀይ መብራት የጣሰ ሞተረኛ ከ4 እስከ 6 ሚሊዮን ዶንግ ይቀጣል፣ ከዛ በፊት ከ1 ሚሊዮን አይበልጥም ነበር። ይሄኛው ቅጣት ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ትልልቅ መስቀለኛ መንገዶች ላይ ሞተሩ ሁሉ መስመሩ ጋ ተሰልፎ መብራት ይጠብቃል፣ በአሮጌ ቪዲዮ የማውቀው ሃኖይ አይመስልም። ሐይቁ ዙሪያ ደሞ ከ2016 ጀምሮ ቅዳሜና እሁድ ለመኪና ዝግ ነው፣ ከዓርብ ማታ ይጀምራል። እዛ ሰዓት ላይ ሰው በአስፋልቱ መሃል ሲንሸራሸር አይታችሁ ሰኞ በዛው ስሜት ብትወጡ ግን...

በነገራችን ላይ ሃኖይ ውስጥ እኔን የበለጠ ያሰጋኝ የአገሬው ሰው ሳይሆን ሞተር የተከራየው ቱሪስት ነው። የአገሬው ሰው ያሰላል፣ ይሄኛው ግን ራሱ ፈርቷል፣ ሰው ሲያይ ጭራሽ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል፣ ከኋላው ያለው ይደርስበታል። ብዙዎቹ መንጃ ፈቃዳቸው እዛ አገር ይሠራ አይሠራ እንኳን አይጠይቁም፣ ቬትናም የምትቀበለው በ1968ቱ የቪየና ስምምነት የወጣውን ዓለም አቀፍ ፈቃድ ነው፣ በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት የወጣውን የያዘ ሰው እንደሌለው ይቆጠራል፣ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱም ያኔ ነው ጣጣ የሚሆነው።

ቶኪዮ ስንደርስ ጓደኛዬ «አሁን አረፍን» አለ። ሺቡያ የሚባለው ዝነኛ መስቀለኛ መንገድ ሄድን እንደማንኛውም ቱሪስት። ለመኪናው ሁሉም አቅጣጫ በአንዴ ቀይ ይሆንና ከአምስቱም ማቋረጫ ሰው ይፈሳል፣ ሲጨናነቅ በአንድ አረንጓዴ ወደ 3,000 ሰው ያልፋል ይባላል። እውነቱን ለመናገር ደህንነቱ አሰልቺ ነው፣ መኪናው ሁሉ ቆሟል፣ ያለው አደጋ መሃል ላይ ቆሞ ሴልፊ የሚነሳ ሰው ጋ መላተም ነው። መብራቱ ሊያልቅ ሲል ግን ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ያኔም ፎቶ የሚነሳ አይጠፋም።

ሺቡያን ትታችሁ መብራት ወደሌላቸው ትንንሽ ማቋረጫዎች ስትሄዱ ነው ጃፓን የሚገርመው። ሕጉ እግረኛ ሊሻገር ቆሞ ካየህ ቁም ይላል፣ ጃፓኖች ደሞ ሕግ አክባሪ ናቸው ብለን ነው የምናስበው አይደል? የጃፓን አውቶሞቢል ፌዴሬሽን በየዓመቱ እነዚህ ማቋረጫዎች ላይ ሰው አቁሞ ይቆጥራል፣ በ2016 ከመቶ መኪና የቆሙት 7.6 ብቻ ነበሩ። ሰባት ነጥብ ስድስት! በ2024 ግን 53 ደርሷል። ይሄ ለእኔ ከጉዞው ሁሉ ትልቁ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ስለ ሾፌር ሲያወራ ባህላቸው ነው፣ አይቀየሩም ይላል፣ እዚህ ግን በስምንት ዓመት ውስጥ ተቀየረ፣ ውጤቱ በየአውራጃው እየተለየ ይታወጃል፣ መጨረሻ የወጣው አውራጃ ያፍራል፣ ፖሊስ ይይዛል። በ2021 ደሞ የፖሊስ መመሪያው እግረኛ እጁን አንስቶ እንዲያሳይ የሚለውን ነገር መልሶ አስገባ። ሕፃናቱን ብታዩዋቸው፣ እጃቸውን ቀጥ አድርገው ያነሳሉ፣ ከተሻገሩ በኋላ ዞረው ለሾፌሩ ጎንበስ ይላሉ።

ያ የባንኮኩ ሁለተኛ ሌን ደሞ እዚህ መልሱን አገኘሁት። የጃፓን ሕግ ማቋረጫ ጋ የቆመ መኪና ካለ በጎኑ አልፈህ ከመሄድህ በፊት አንተም ቁም ይላል፣ ከማቋረጫው በፊት ባለው 30 ሜትር ውስጥ መቅደምም ክልክል ነው። አስፋልቱ ላይ የዳይመንድ ቅርጽ ነጭ ምልክት ታያላችሁ፣ መብራት የሌለው ማቋረጫ እየመጣ ነው ለማለት ከ50 እና ከ30 ሜትር ገደማ ላይ የተቀባ። እኛ አሳኩሳ ውስጥ አንዱ ጋ ቆመን ስናይ ቫን ቆመልን፣ በጎኑ የመጣችውም ትንሽ መኪና ቆመች፣ ሾፌሯ ማንን እንደምታሳልፍ እንኳን ገና ሳታይ።

ጓደኛዬ ግን አረንጓዴ መብራት ላይም አንገቱን ማዞር አላቆመም፣ ልክ ነበር። ጃፓን ውስጥ ለእናንተ አረንጓዴ ሲሆን ወደ እናንተ መንገድ ለሚታጠፈውም መኪና አረንጓዴ ነው፣ ቅድሚያ የእናንተ ቢሆንም ታጣፊው ላያያችሁ ይችላል። ይሄንን እየነገረኝ እያለ በዛው መታጠፊያ የካርቱን ልብስ የለበሱ ቱሪስቶች ጎካርት በሚባሉ ትንንሽ ክፍት የኪራይ መኪኖች ተከታትለው መጡ፣ ቶኪዮ ውስጥ እነዚህ ነገሮች ከአውቶቡስ ጋር በአንድ መንገድ ነው የሚነዱት፣ ቁመታቸው በጣም ዝቅ ያለ ነው፣ መሪውን የያዘው ሰው ደሞ በግራ መንዳት ምናልባት በዛው ቀን ነው የጀመረው። አስጎብኚው ከፊት ቆመ፣ ሁለተኛው ቆመ፣ ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ ዜብራው ላይ ወጥቶ ቆመ፣ ሽማግሌዎቹ ዞረውት አለፉ። ጓደኛዬ መከራየት እንደሚፈልግ ከባንኮክ ጀምሮ ሲነግረኝ ነበር፣ ከዛ በኋላ ስለሱ አላነሳም።