«ከጎርፉ በፊት እንዴት ነበር?»

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ የአካባቢ አስተዳደር) የመንገድ ክፍል ነው። ሥራዬ ወረቀት ነው፤ የሥራ ትዕዛዝ፣ ታይምሺት (የሥራ ሰዓት መሙያ ቅጽ)፣ ደረሰኝ። አስፋልት ላይ የሚውሉት ሰዎች «አንቺማ ወንበር እያሞቅሽ ደሞዝ ትበያለሽ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ጎርፉ ከመጣ በኋላ ቀልዱ ቆመ።

ውሃው በአንድ ሌሊት መንገዶቻችንን ቆራርጦ ሄደ። ፕሬዚዳንቱም አካባቢውን በአደጋ የተጎዳ ብለው አወጁ። እንዲህ ሲታወጅና ካውንቲው ለእርዳታው ሲመደብ፣ ፌማ፣ ማለትም የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት፣ ለሕዝብ መንገድ፣ ድልድይና የመሳሰለው ጥገና ብቁ ከሆነው ወጪ ቢያንስ 75 በመቶውን ይሸፍናል። ቢሮው ውስጥ የሰማነው «75» የሚለውን ብቻ ነበር። «ብቁ የሆነ» የሚለውን ልብ ያለው አልነበረም። አለቃችን የተበላሸውን ሁሉ ዘርዝሩ አለ፤ ዘረዘርን።

ከፌማ የመጣችው ባለሙያ ትሁት ነች፤ ጥያቄዋ ግን ቀላል አይደለም። ጉዳቱ ምን ያህል ነው ከማለቷ በፊት «መንገዱ የማን ነው?» አለች። አንዱ የመኖሪያ ሰፈር ማኅበር የግል መንገድ ሆኖ ተገኘ። የእኛ ሰዎች በረዶ ሲጥል እግረ መንገዳቸውን ይጠርጉት ነበር፤ በሕግ ግን የካውንቲው ኃላፊነት አይደለም። ከዝርዝሩ ወጣ። ሌላው ዋናው ጎዳና ነው። የፌዴራል የመንገድ ድጋፍ ከሚያገኙት ውስጥ ስለሆነ፣ ቋሚ ጥገናው የሚጠየቀው ከፌዴራል አውራ ጎዳና አስተዳደር ነው። እሱም ወጣ። የአለቃችን ፊት ቲማቲም መሰለ።

ከዚያ የሰዓት ጉዳይ መጣ። ለአስቸኳይ ሥራ የቋሚ ሠራተኛን መደበኛ ሰዓት ፌማ አይከፍልም፤ ደሞዙ ድሮም በበጀት ተይዟል። የሚታሰበው ኦቨርታይም ነው። ችግሩ ግን ሠራተኞቹ ታይምሺቱ ላይ «ጎርፍ» ብለው ብቻ ነበር የሞሉት። የትኛው ቦታ? የትኛው ማሽን? ያዳነን ሽማግሌው ፎርማን ነው። ኪሱ ውስጥ የማትጠፋ ማስታወሻ ደብተር አለችው፤ ማን የት እንደዋለ፣ ገልባጩ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ጽፎባታል።

ዋናው ክርክር ግን ከመንገድ ሥር ባሉ ሁለት የውሃ ማስተላለፊያ ቱቦዎች ላይ ነበር። ሁለቱንም ያው ጎርፍ፣ በያው ሌሊት ነው የወሰዳቸው። «ከጎርፉ በፊት እንዴት ነበሩ?» አለች ባለሙያዋ። የመጀመሪያው በጸደይ ተጠርጓል፤ የሥራ ትዕዛዙ አለ፣ ፎርማኑ በስልኩ ያነሳው ፎቶም አለ። አለፈ። በሁለተኛው ማህደር ውስጥ ያለው የራሱ የፎርማኑ ማመልከቻ ነው፦ «ሥሩን ዝገት በልቶታል፤ ይቀየር።» በጀት የለም ተብሎ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል።

አንድ ባልደረባዬ ወደ ጎን ሳብ አድርጎኝ «እሷን ወረቀት የግድ ማሳየት አለብን?» አለኝ። ጉዳዩ የፌዴራል ገንዘብ ነው፤ ማስረጃ ደብቆ መጠየቅ በወንጀል ያስጠይቃል። ማህደሩን ለአለቃችን ሰጠሁት። አንብቦ ሲያበቃ ዝም አለና «ስጪያት» አለኝ።

ጎርፉ ያደረሰውን ዝገቱ ካደረሰው ለይተን ማሳየት ስላልቻልን ጥያቄው ውድቅ ሆነ። ይግባኝ ለማለት 60 ቀን ነበረን። አለቃችን ማህደሩን ደጋግሞ ካየ በኋላ ተወው።

ሕጉ ለምን እንዲህ እንደሆነ ይገባኛል። ያረጀውን ሁሉ በጎርፍ ስም እናድስ ቢባል መጨረሻ የለውም። ግን የሚጨክነው በድሃ ካውንቲ ላይ ነው። የዛገ ቱቦ ለመቀየር አቅም ያለው፣ ጎርፍ ሲመጣም እርዳታ ያገኛል። አቅም ያጣው ሁለት ጊዜ ያጣል። ይህንኑ ለባለሙያዋ ነገርኳት፤ አልተከራከረችኝም።

ሁለተኛውን ቱቦ በራሳችን በጀት ሠራነው። ለእሱ ሲባል የዚያ ዓመት የአስፋልት እድሳት ተሰረዘ።