«ስፒድ» ለማለት የፈጀብኝ ጊዜ

ሰሞኑን አጭር ርቀት ወደሚበር አየር መንገድ በአብራሪነት ለምትገቡ፣ ገብታችሁም «ምን ውስጥ ነው የገባሁት» እያላችሁ ለምታስቡ፣ ስምንት ወር ሙሉ ደብተሬ ላይ ስሞነጫጭር የከረምኩትን ላካፍላችሁ። የምበረው ዳሽ 8 ኪው 400 ነው፤ ሁለት ባለ ስድስት ምላጭ ፕሮፔለር ያለው፣ ከ70 በላይ መንገደኛ የሚጭን ቀጭንና ረጅም አውሮፕላን። ርዝመቱ ወደ 33 ሜትር ይጠጋል። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ። እስከ ትናንት ማታ በዚህ አውሮፕላን ላይ 347 ሰዓት አለኝ። በዚህ ሰዓት ምክር አይሰጥም፤ ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው።

ስለ ክፍል ትምህርቱ ብዙ አላወራም። ኤሌክትሪክ፣ ሃይድሮሊክ፣ ነዳጅ፣ የበረዶ መከላከያ፣ ፈተና፣ እንደገና ፈተና። የጠዋቱ ሳይረጋ የከሰዓቱ ይደረብበታል። ከሁሉም የጠቀመኝ ርካሹ ነገር ነው፦ የኮክፒቱን ምስል በትልቁ አሳትሜ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፣ ፊት ለፊቱ ወንበር አስቀመጥኩ፣ ማታ ማታ ጣቴን ወረቀቱ ላይ እያሳረፍኩ ፍሎውን፣ ማለትም መቀየሪያዎቹን በቅደም ተከተል የመንካቱን ሥራ፣ ከላይኛው ፓነል እስከ ታችኛው እወጣዋለሁ። ቼክሊስቱን ታናሽ እህቴ ታነብልኛለች። በሁለተኛው ሳምንት መልሶቹን ከእኔ ቀድማ በቃሏ ስለያዘች ስሳሳት ትስቅብኛለች። አንድ ማታ «በሩን ቆልፈሻል?» ስላት «ቼክድ» አለችኝ።

በነገራችን ላይ፣ ፍሎውና ቼክሊስቱ አንድ አይደሉም። ይህ ዘግይቶ ነው የገባኝ። ፍሎው ሥራው ራሱ ነው፤ በቃል፣ በእጅ፣ በቅደም ተከተል ይሠራል። ቼክሊስቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ የረሳነው ነገር እንዳለ ለማየት ነው። እያነበብኩ ልሥራ ያለ ሰው ሁልጊዜ ከአውሮፕላኑ ኋላ ይቀራል። እኔ ለሁለት ሳምንት ያህል ኋላ ነበርኩ።

ከዚያ ሲሙሌተር። ሁሉም ሰው የሚፈራው «ቪ ዋን» ከተባለ በኋላ ሞተር የሚጠፋበትን ልምምድ ነው፤ ያ ፍጥነት ካለፈ መቆም የለም፣ በአንድ ሞተርም ቢሆን መነሳት ነው። አሰልጣኙ ከኋላችን ተቀምጦ አንድ ነገር ይነካል፣ ግራው ሞተር ይሞታል፣ አፍንጫው ወደ ግራ ይሄዳል፣ በቀኝ እግር ረግጦ ማቅናት ነው። ሥራ የፈታው እግር ያለበት ጎን የሞተው ሞተር ያለበት ጎን ነው፣ ይባላል። አውሮፕላኑም ያግዛል፦ የሞተው ሞተር ፕሮፔለር ምላጮቹን ራሱ አዙሮ ንፋሱን በጠርዛቸው እንዲሰነጥቁ ያደርጋል፣ ደህናው ሞተር ደግሞ ማንም ሳይነካው ጉልበት ይጨምራል። እግሬ በሦስተኛው ቀን ተማረ። አልማር ያለው አፌ ነው።

ለማያውቅ ላስረዳ፦ ሁለት አብራሪ ሲቀመጥ አንዱ ያበራል፣ አንዱ ይከታተላል። በሚቀጥለው በረራ ይቀያየራሉ። የሚከታተለው ሬዲዮ ይይዛል፣ ጎማ ይሰበስባል፣ ፍላፕ (የክንፉን ታጣፊ ጠርዝ) ያወጣል፣ ከሁሉም በላይ ግን መለኪያዎቹን እያየ ያየውን ጮክ ብሎ ይናገራል። እኔ የማበራ ጊዜ ብቻ የምፈተን ይመስለኝ ነበር። በአራተኛው ቀን የልምምድ ጓደኛዬ እያበራ ሞተር ጠፋ። እሱ ታግሎ አቀናው። አሰልጣኙ ሲሙሌተሩን አቆመና ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አየህ?»

«የግራው ሞተር ጉልበት ወረደ።»

«መቼ ነው ያየኸው?»

«ወዲያው።»

«ለማን ነገርክ?»

ለማንም። አይቼ፣ አውቄ፣ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። ጓደኛዬ ያየው መስሎኝ ነው። በእርግጥም አይቶታል፤ ግን ያንን እኔ በምን አወቅሁ?

በዚያው ሳምንት በክፍል ውስጥ የኮልጋን አየር መንገድን በረራ 3407 አደጋ አነበብን። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 ማታ፣ በአሜሪካ ቡፋሎ አጠገብ፣ እኛ የምንበረው ዓይነት ኪው 400 ለማረፍ እየተቃረበ ወደቀ። አውሮፕላኑ ላይ የነበሩት 49ኙም፣ አንድ ሰው ደግሞ መሬት ላይ፣ በድምሩ 50 ሰው ሞተ። ሞተሩ ደህና ነበር። ፍጥነቱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ከሁለቱ አብራሪዎች አንዳቸውም አልተናገሩም። ፍጥነቱ ማነሱን የሚያስጠነቅቀው መንቀጥቀጥ መሪው ላይ ሲመጣ ካፒቴኑ አፍንጫውን ዝቅ በማድረግ ፈንታ ሳበው። ከደቂቃዎች በፊት ወግ ይዘው ነበር፤ ከ10 ሺህ ጫማ በታች ከሥራው ውጭ ማውራት ግን ያኔም የተከለከለ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ ስለ ካፒቴኑ መሳብ ብዙም አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ስለ ቀኝ ወንበሩ፣ ረዳት አብራሪ ስለሚቀመጥበት ነው። ያ ወንበር የእኔ ነው። አንዲት ቃል ነበረች መባል የነበረባት፦ «ስፒድ»።

ታዲያ ይህን ሁሉ አውቄ መስመር ላይ ስወጣ ምን ሠራሁ? ቆዩ፣ እደርስበታለሁ።

የመስመር ስልጠናው ከእውነተኛ መንገደኛ ጋር፣ ከአሰልጣኝ ካፒቴን ጎን ነው። የመጀመሪያው ቀን ገና ሳይነጋ፣ ዝናብ እያካፋ፣ የእጅ ባትሪ ይዤ አውሮፕላኑን ዞርኩ። ጎማ፣ የዘይት ጠብታ፣ የምላጮቹ ጠርዝ፣ የፍጥነት መለኪያው ቱቦ መሸፈኛው መነሳቱ። መሬት ላይ ጎማው እንዳይታጠፍ የሚሰኩ ሦስት ፒኖች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ረጅም ቀይ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ካልተነቀሉ ጎማው አይሰበሰብም፣ ተመልሶ ማረፍ ነው። ነቅዬ ገባሁ። ካፒቴኗ ፒኖቹ የሚቀመጡበትን ቦታ አየች፣ ቆጠረች።

«ሦስተኛው የታለ?»

ደረቴ ቀጥ አለ። ሮጬ ልወርድ ስነሳ በጣቷ ወደ አንጸባራቂ ሰደርያዬ ጠቆመች። ቀዩ ጨርቅ ከኪሴ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ቀን ወዲህ ፒን ስነቅል ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፤ የመሬት ሠራተኞቹ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

እሷ ያስተማረችኝ ሂሳብ እስካሁን በየቀኑ ያገለግለኛል። ከፍታህን በሺህ ቁጠረውና በሦስት አባዛው፣ ለመውረድ የሚያስፈልግህ የባሕር ማይል ነው። 21 ሺህ ጫማ ከሆንክ 63 ማይል። በደቂቃ ስንት ጫማ ልውረድ ካልክ የመሬት ላይ ፍጥነትህን ግማሽ አድርግና ዜሮ ጨምርበት፤ 240 ኖት (በሰዓት 240 የባሕር ማይል) ከሆነ 1,200። ኮምፒዩተሩ ይህን ሁሉ ያወጣዋል፣ እውነት ነው። ግን ኮምፒዩተሩ የተሳሳተ ነገር ከተነገረው የተሳሳተውን በልበ ሙሉነት ነው የሚያሳየው፤ በጭንቅላት የተሠራው ሂሳብ «ቆይ እስቲ» ያሰኛል።

ማረፍን በተመለከተ ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም ኪው 400 የተማራችሁትን ያስረሳል። ትንንሾቹ አውሮፕላኖች ላይ መሬት ሲቃረብ ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ ስበን፣ አፍንጫውን ቀስ በቀስ እያነሳን እንድናርፍ ነው የለመድነው። እዚህ ጉልበቱን ድንገት ከሳባችሁት ሁለቱ ትልልቅ ፕሮፔለሮች እንደ ሳህን ሆነው ንፋሱን ይጋርዳሉ፤ ክንፉ ላይ ያልፍ የነበረው አየር ይቀንሳል፣ አውሮፕላኑም ዝቅ ይላል። ዝቅ ሲል እጅ ሳያስብ መሪውን ይስባል። አፍንጫ ሲነሳ ያ 33 ሜትር ያልኳችሁ ርዝመት ትዝ ይበላችሁ፤ ጅራቱ መሬት ይፈልጋል። ለዚህ ነው አፍንጫው 5 ዲግሪ ሲደርስ የሚከታተለው አብራሪ «ፒች» ብሎ የሚጠራው። ጅራቱ ከነካ ደግሞ «ታችድ ራንዌይ» (መንደርደሪያው ተነክቷል) የሚል መብራት አለ። አምራቾቹ ለዚህ ለብቻው መብራት ማስገባታቸው ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ጉልበቱን ትንሽ ይዛችሁ፣ አፍንጫውን ብዙም ሳታነሱ፣ ጎማው እስኪነካ ትጠብቃላችሁ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ማረፎቼ ከቦርሳ አራጋፊ ሥራ ይመሳሰሉ ነበር። አሥራ አንደኛው ለስላሳ ነበር፤ እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም። አሥራ ሁለተኛው እንደገና ቦርሳ ማራገፍ።

አሁን ወደዚያ ቀን።

ስልጠናውን ጨርሼ ብቻዬን ከተለያዩ ካፒቴኖች ጋር መመደብ ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። የቀኑ አራተኛ በረራ፣ አርፍደናል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። የሚያበሩት ካፒቴን እኔ ሳልወለድ መብረር የጀመሩ፣ ጠዋት ከእሳቸው ቀድሜ በር ስገባ እንኳ የምሸማቀቅባቸው ሰው ናቸው። ከፍ ብለን ነው የመጣነው፣ ከኋላ ንፋስ አለ። 700 ጫማ ላይ ፍጥነታችን ከሚገባው በ18 ኖት በልጧል። አየሁት። ቃሏ አፌ ላይ መጣች። ከአፌ የወጣው ግን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፦

«ዛሬ ንፋሱ ከኋላ ሳይሆን አይቀርም መሰለኝ…»

እንዲህ ነው ያልኩት። ቃል በቃል። «ሳይሆን አይቀርም» እና «መሰለኝ» በአንድ ዓረፍተ ነገር። 500 ጫማ ላይ ሁኔታው ካልተስተካከለ «አንስቴብል» (አልተረጋጋም) ብዬ መጥራት የእኔ ግዴታ ነበር፤ አልጠራሁም። ሁለት ሰከንድ፣ ሦስት ሰከንድ አለፈ። ካፒቴኑ ራሳቸው «ጎ አራውንድ» አሉ፣ ማረፉን ትተው ጉልበት ሰጡ፣ ዞረን ሁለተኛ ጊዜ በደህና አረፍን።

ቆመን ሞተሮቹን ካጠፋን በኋላ መንገደኞቹ እየወረዱ ሳለ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እዚያ ላይ ስለ ንፋሱ ስታወራኝ ምን ልትለኝ ነበር?»

«ፍጥነቱ ከፍ ብሏል ልልዎት ነበር።»

«አይተኸው ነበራ።»

«አዎ።»

«እኔ ገና አላየሁትም ነበር። ያኔውኑ ብትለኝ 700 ላይ አስተካክለው ነበር። ስለ ንፋስ ወሬ ስታነሳ ግን ወሬ መሰለኝ።»

ማታ ብዙ አሰብኩበት። ችግሬ እውቀት አልነበረም፤ ይሉኝታ ነው። ለታላቅ ሰው «ተሳስተዋል» በቀጥታ አይባልም፤ ዙሪያውን ዞሮ፣ አለስልሶ፣ ራሱ እንዲያየው ማድረግ ነው ያደግንበት። ሰፈር ውስጥ ያምራል። 140 ኖት ላይ ግን ዙሪያውን ለመዞር ጊዜ የለም። ብቻዬንም አይደለሁም፦ እ.ኤ.አ. በ1978 የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 173 በአሜሪካ ፖርትላንድ አጠገብ ነዳጅ ጨርሶ ሲወድቅና 10 ሰው ሲሞት፣ ካፒቴኑ በጎማው ችግር ተይዘው ሳለ ሌሎቹ የነዳጁን ነገር አንስተው ነበር። የመርማሪዎቹ ሪፖርት እንደሚለው ጠንከር አድርገው አልተናገሩም። ዛሬ ሁላችንም ሲ አር ኤም ብለን የምንወስደው፣ በኮክፒት ውስጥ ተነጋግሮ አብሮ የመሥራት ስልጠና ሥር የሰደደው ከዚያና ከመሰሎቹ አደጋዎች በኋላ ነው። ስልጠናውን ወስጄ፣ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፌ ነበር እኮ።

በኋላ የገባኝ አንድ ነገር አለ። ከ«አንተ»ና ከ«እርስዎ» አንዱን ሳትመርጥ ለሰው መናገር ከባድ ነው፤ ግስ ባነሳህ ቁጥር ማክበርህን ወይም አለማክበርህን ትናገራለህ። «ስፒድ» ግን ግስ የላትም። «ፒች»ም የላትም። ትንሹም ለትልቁ፣ ትልቁም ለትንሹ እኩል ነው የሚላት። ያንን ሳስብ ቀለለኝ። ካፒቴኑን እየተናገርኳቸው ሳይሆን መለኪያውን እያነበብኩ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤት ስለማመድ የማበራበትን ሳይሆን የምከታተልበትን ክፍል ነው የምደጋግመው፤ ድምፅ አውጥቼ፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

ሌላው ሕይወት እንደምታውቁት ነው። ተጠባባቂ ሆኖ ስልክ ጎን መተኛት፣ የተተኮሰ ሸሚዝ በር ላይ መስቀል፣ በአንድ ቀን አራት አምስት በረራ፣ ምሳ በእግር እየሄዱ። በዓመት ከ1,000 ሰዓት በላይ አይበረርም፤ ለእኔ ገና ሩቅ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከሌላ ካፒቴን ጋር ነበርኩ። እሳቸው እያበሩ፣ 800 ጫማ ላይ ፍጥነቱ ሸርተት አለ። «ስፒድ» አልኩ። «ኮሬክቲንግ» (እያስተካከልኩ ነው) አሉ፣ እጃቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ፍጥነቱ ተመለሰ። አንድ ሰከንድ እንኳ አልፈጀም። ካረፍን በኋላ አላነሱትም፣ እኔም አላነሳሁትም፤ ስለ ነዳጅ ወረቀቱ ነው ያወራነው።

ሐሙስ የስድስት ወሩ የሲሙሌተር ፈተናዬ ነው። የጎን ንፋስ ማረፌ ገና አልተስተካከለም፣ የቀኝ እግሬን ቶሎ እለቃለሁ፤ እዚያ ላይ ዘዴ ያላችሁ ንገሩኝ። እህቴ ቼክሊስቱን ይዛ እየጠበቀችኝ ነው። የግድግዳው ኮክፒት አንድ ጥጉ ተላቆ ስለነበር ዛሬ አዲስ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ።