የማያመኝ ጥርሴ

በስተቀኝ፣ ከታች፣ የተተከለች አንዲት መንጋጋ ጥርስ አለችኝ። ስድስት ዓመቷ ነው። ቆሎ ቆርጥሜባታለሁ። አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ስንት ቆሮሶ ጥብስ በልቼባታለሁ። አንድ ቀን እንኳ አላመመችኝም።

ባለፈው ወር ግን ስቦርሽ ደም አየሁ። ብሩሹ ጠንክሮብኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሲደጋገም ልጄ እየጎተተች እዚሁ ሐዋሳ ክሊኒክ ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። በቀጭን መለኪያ ድዴን ዙሪያውን ነካ ነካ አደረገችው፤ ወዲያው ደማ። ራጅም ተነሳሁ። «ጋሼ፣ ያኔ ሲያስተክሉ የተነሱት ራጅ አለዎት?» አለችኝ። ደግነቱ አስቀምጬዋለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችኝ። በድሮው ላይ ጥርሷን የያዘው የቲታኒየም ብረት ብሎን ጠመዝማዛ በሙሉ አጥንት ውስጥ ተቀብሯል። በአዲሱ ላይ ከላይ ያሉት ሦስት ዙሮች ባዷቸውን ቀርተዋል። አጥንቱ በዙሪያቸው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሰርጉዷል። ዓይኔን ከዚያ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

አጥንቱ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ ወዲያ በዓመት ከ0.2 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አያሰጋም ተብሎ ብዙ ዘመን ተሠርቶበታል። የእኔ ከዚያ አልፏል።

«ታዲያ እንዴት አላመመኝም?» አልኳት። የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የተያያዘው በቀጫጭን ጅማቶች ነው፤ ጫናው የሚሰማንም በእነሱ ነው። ቲታኒየም ግን በቀጥታ ከአጥንት ጋር ይዋሃዳል፤ መሐል ላይ ጅማት የለም። ቆሻሻ ድድ ሥር ይከማቻል፣ ድዱ ይቆጣል፣ ቁጣው ቀስ እያለ ወደ አጥንት ይወርዳል። ባለቤቱ ምንም ሳይሰማው። ድዱ ላይ ብቻ እያለ ከተደረሰበት በማጽዳት ይመለሳል። የሄደ አጥንት ግን በቀላሉ አይመለስም። ሲጋራና በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የስኳር በሽታ ደግሞ ያባብሱታል። ስኳሩ አለብኝ።

በእውነት አዘንኩ። ያስተከልኩ ሰሞን በቲታኒየም ጥርስ መትከልን ስለጀመሩት ስዊድናዊ ፕሮፌሰር ብሮኔማርክ አንብቤ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ያከሙት የመጀመሪያው ሰው የተተከለለትን ከ40 ዓመት በላይ ይዞት ኖሯል። እኔም የዕድሜ ልክ ነው ብዬ ለምርመራ አንድ ቀን ሳልመለስ ስድስት ዓመት ተቀመጥኩ። ያ ሰው ግን ሐኪሞቹ ሲከታተሉት የኖረ ሰው ነው።

ሥሩን ጠርገው አጸዱልኝ። ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ ተብያለሁ። ጠርሙስ ማጠቢያ የምትመስል ትንሽዬ ብሩሽም ገዛሁ። መፋቂያዬን አልተውኩም፤ ግን እዚያ ሥር አይደርስም። ማታ ማታ መስታወት ፊት ቆሜ ብሩሿን በጥርሴ ግራና ቀኝ አስገባታለሁ፤ ስትወጣ ቀለሟን አያለሁ። ትናንት ነጭ ነበረች።

አዳማ ያለው ታናሽ ወንድሜም ከእኔ በኋላ አስተክሏል። ያጨሳል። ዛሬ ደወልኩለት።

«እኔ ደህና ነኝ፤ ምንም አያመኝም» አለኝ።

ቅዳሜ አዳማ እሄዳለሁ። ራጅ አስነሳዋለሁ።