የማንም ድምፅ

ሰውየውን እኔ አላስደወልኩትም። ይሄን በመጀመሪያ ተናግሬ ልገላገል፤ አለቃችን እስከ ዛሬ አያምነኝም። ሰውየውን በመልክም በስምም አላውቀው፤ ላስቬጋስ ውስጥ ታክሲ እንደሚነዳ የሰማሁት እንኳ እንደ ማንኛውም አድማጭ በሬዲዮ ነው።

የእኛ የሬዲዮ ፕሮግራም የእሁድ ነው። የአንድ ሰዓት ኪራይ፣ ከዚያ ላይ ማስታወቂያው ሲነሳ የቀረችው። ውጤት፣ ዜና፣ የአየር ጠባይ፣ የኀዘን ማስታወቂያ፣ ሁሉንም የማዘጋጀው እኔ ነኝ። መጨረሻ ላይ ስልክ ሲከፈት ከመስታወቱ ማዶ ሆኜ ደዋይ የማስገባውም እኔው። አለቃችን ያነባል። ድምፁ ግሩም ነው፤ ይሄን ማንም አይክደውም። ቁጥር ግን አይወድም። «አድማጭ ከሦስት ቁጥር በላይ አይዝም» ይላል፤ እውነቱን ነው። መሪ የያዘ ሰው ላይ ስድስት አሃዝ ብታነብበት ወደ ሙዚቃ ነው የሚቀይረው።

ላስቬጋስ ያለችበት የኔቫዳ ስቴት የ2022 ምርጫ ግን ያለ ቁጥር በምን ይነገር? ምርጫው ማክሰኞ ኖቬምበር 8 ሆኖ፣ እኛ እሁድ ስንገባ ቆጠራው ገና አላለቀም። በፖስታ የተላከ ድምፅ የምርጫው ቀን ሳያልፍ ማኅተም ካረፈበት፣ ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ቢደርስም ይቆጠራል። ፊርማው አልመሳሰል ያለበት ሰው ደግሞ እስከ ሰኞ «የእኔ ነው» ብሎ የማረጋገጥ ዕድል አለው። ለአሜሪካ ሴኔት በሚደረገው ውድድር አርብ ማታ ሪፐብሊካኑ አዳም ላክሳልት ዴሞክራቷን ካትሪን ኮርቴዝ ማስቶን ከአንድ ሺህ በማይሞላ ድምፅ ይመራት ነበር። ቅዳሜ ማታ ላስቬጋስ ያለችበት የክላርክ ካውንቲ ቁጥር ሲለቀቅ እሷ በአምስት ሺህ ገደማ ቀደመች። የአሜሪካ ሴኔት በዴሞክራቶች እጅ እንደሚቆይም በዚያው ምሽት ታወቀ። ያን ሳምንት አገሩ ሁሉ እኛን ሲጠብቅ ነበር የሰነበተው። እኔም የሕዝቡ ብዛት አንድ ሺህ እንኳ ከማይሞላው ከኤስሜራልዳ ካውንቲ ሳይቀር ቁጥር ስለቅም አድሬ፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሼ፣ በነጠላዬ ስቱዲዮ ገባሁ።

ወረቀቱን ሰጠሁት። አነበበ፣ አነበበና የሴኔቱ ሰንጠረዥ መጨረሻ ላይ ቆመ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ከእነዚህ ዕጩዎች ማንንም አልመርጥም የሚለው ነው፣ ጋሼ።»

«ዕጩ ነው?»

«አይደለም። ግን ድምፅ መስጫው ላይ አለ፤ ይቆጠራል።»

«ካሸነፈስ?»

«አያሸንፍም። አንደኛ ቢወጣ እንኳ፣ ከሰዎቹ መሐል ብዙ ያገኘው ነው አሸናፊ የሚሆነው።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግልን ጻፍሽው?»

ሰረዘው። ትንንሾቹን ዕጩዎችም አብሮ ጠራረጋቸው። እነሱስ ይሁን።

«ጋሼ፣ እንዲህ ከተነበበ መቶ አይሞላም እኮ» አልኩት።

«ማን ቁጭ ብሎ ይደምራል?» አለኝና የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀ።

እኔ እንግዲህ ያን ጊዜ መመለስ የነበረብኝ መልስ ማታ ቤቴ ገብቼ ነው የመጣልኝ፤ የታክሲ ሾፌር ቀኑን ሙሉ ከመደመር ሌላ ምን ሥራ አለው?

ዜናው በደንብ ሄደ። አለቃችን ኮርቴዝ ማስቶን አነሳ፣ ላክሳልትን አነሳ። የክላርክ ካውንቲው ሸሪፍ ጆ ሎምባርዶ የነበረውን አገረ ገዢ ስቲቭ ሲሶላክን አሸንፎ አገረ ገዢ መሆኑንም ተናገረ። ያው አንዱ መራጭ፣ በዚያችው ወረቀት፣ ለአገረ ገዢነት ሪፐብሊካን፣ ለሴኔት ዴሞክራት መረጠ ብሎ ትንሽ ተፈላሰፈ። ጥሩ ነበር። ከዚያ ስልክ ተከፈተ።

ሰውየው ለእኔ «ስለ ምርጫው አስተያየት አለኝ» ነበር ያለኝ። አስገባሁት።

«ጤና ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ነበረኝ።»

«ይቀጥሉ ወንድሜ፣ መስመር ላይ ነዎት።»

«የሴኔቱን ውጤት አንብበሃል። የእኔ ድምፅ የት ሄደ?»

አለቃችን በመስታወቱ በኩል አየኝና ፈገግ አለ። በዚያ ሰሞን «ተጭበርብሯል» የሚል ስልክ ብዙ ነበር፤ ለእሱ የተዘጋጀ መልስ አለው። «ወንድሜ፣ ድምፅዎ መቆጠር አለመቆጠሩን በቀላሉ በኢንተርኔት መከታተል ይችላሉ» ብሎ ጀመረ፣ ያችን ለስለስ ያለች የኀዘን ማስታወቂያ ድምፁን አውጥቶ።

«መቆጠሩንማ አውቃለሁ! ተቆጥሯል ብለው በስልኬ መልእክት ልከውልኛል። መንግሥት ቆጥሮታል። ያልቆጠርከው አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«አንተ። አርባ ስምንትና አርባ ስምንት ስትል ዘጠና ስድስት ነው። ሌላውስ? እኔ እዚያ ውስጥ ነበርኩ።»

«ለማን ነበር የሰጡት? ከፈቀዱ…»

«ለማንም።»

«ማለቴ፣ ለማን?»

«ለማንም አልኩህ እኮ! የመጨረሻዋን ሣጥን ነው የሞላሁት። ከበጋ ጀምሮ ቴሌቪዥን በከፈትኩ ቁጥር እሷ እሱን ትሰድባለች፣ እሱ እሷን ይሰድባል። የፖስታ ሣጥኔ በሁለቱ ፎቶ አልዘጋ ብሏል። አንዳቸውም ስለ ቤት ኪራይ አንድ ነገር አልነገሩኝም። ታዲያ ቤቴ ተኛሁ? አልተኛሁም። ሞልቼ፣ ፈርሜ፣ ፖስታ ቤት ወስጄ ላክሁ።»

አለቃችን እዚህ ላይ ቢያመሰግነውና ቢሰናበተው ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ማሸነፍ ፈለገ። «ወንድሜ፣ ስሜትዎን እንረዳለን። ነገር ግን ማንንም ያልመረጠ ሰው ውጤቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም» አለ።

«የሁለቱ ልዩነት ስንት ነው?»

አለቃችን ወደ እኔ ዞረ። አምስት ጣቴን አሳየሁት።

«ወደ አምስት ሺህ ገደማ።»

«እኛስ ስንት ነን?»

ቁጥሩ ፊቱ ነበር። የሰረዘው መስመር ሥር፣ የቡናው ስኒ ካረፈበት አጠገብ። ከአምስት ሺህ እጥፉን አልፎ ሄዷል። እኔ ከመስታወቱ ማዶ ሆኜ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጠቅጥቄያለሁ፤ ሳቄ ማይክ ውስጥ እንዳይገባ። አለቃችን ስኒውን አነሳ፣ ወረቀቱን አየ፣ ስኒውን መልሶ ቁጥሩ ላይ አስቀመጠው።

ሰውየው መልስ ሲያጣ ድምፁ ወረደ። «ስማኝ ወንድሜ» አለ፤ «እኔ በዘጠና ሰባት አዲስ አበባ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፌ መርጫለሁ። የዚያን ጊዜው ድምፄ የት እንደገባ አላውቅም፤ ትቼዋለሁ። እዚህ አገር ፈረንጁ ቆጥሮልኝ የገዛ አገሬ ሬዲዮ ይሰርዝብኝ?»

«ከማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን» አለ አለቃችን። ማስታወቂያ አልነበረንም። ሁለቱም አልቀዋል። ያገኘሁትን ሙዚቃ ለቀቅሁ።

ከፕሮግራሙ በኋላ ጃኬቱን እየለበሰ «አንቺ ነሽ ያስደወልሽው» አለኝ። ማልኩ። «መቶ አይሞላም ያልሽኝ አንቺ፣ መቶ አይሞላም ብሎ የደወለው እሱ። እኔ ልጅ ነኝ?» አለ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ባስደውል ኖሮ እንደዚህ የሚናገር ሰው ከየት አመጣ ነበር?

ተሟግቼ ሳበቃ፣ በእልህ የዚህን መስመር ታሪክ መቆፈር ጀመርኩ። በ1975፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ያስለቀቀው የዋተርጌት ቅሌት ምሬት ገና ሳይበርድ፣ የኔቫዳ ሕግ አውጪዎች ያስገቡት ነገር ነው። በ1998 ሃሪ ሪድ ጆን ኤንሰንን ለሴኔት ያሸነፈው በ428 ድምፅ ሲሆን፣ ማንንም አንፈልግም ያሉት ከ8 ሺህ በላይ ነበሩ። በ2014 በዴሞክራቶች የአገረ ገዢ ዕጩ መለያ ምርጫ ይኸው መስመር አንደኛ ወጣ፤ ዕጩነቱን ሁለተኛ የወጣው ሰውዬ ወሰደና በኖቬምበር ድባቅ ተመታ። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ትራምፕን ኔቫዳ ላይ የቀደመችው በ27,202 ድምፅ፤ ማንንም ያሉት 28,863። በ2012 ሪፐብሊካኖች የደገፉት ክስ መስመሩ ይውጣልን ብሎ የፌዴራል ዳኛ ፈርዶለት ነበር፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አስቆመው። ፓርቲ ጠበቃ ገዝቶ ሊያስሰርዘው ያቃተውን መስመር አለቃችን በአንድ እስኪብርቶ፣ ቡና እየጠጣ።

የእኛው ምርጫ መጨረሻ ሲጸድቅ ኮርቴዝ ማስቶ በ7,928 ነው ያሸነፈችው፤ የሰውየው ወገኖች 12,441 ሆኑ። በአገረ ገዢው ላይ ደግሞ ሎምባርዶ በ15 ሺህ ከምናምን ቀደመ፤ ማንንም ያሉት 15 ሺህ ሊሞሉ ትንሽ ነው የቀራቸው። ይሄን በሚቀጥለው እሁድ እናንብበው ብዬ ነበር። «ያረጀ ዜና» ተባልኩ።

ሰውየው ግን «እኛ» ሲል ትንሽ ገርሞኛል፤ ይሄን ካልተናገርኩ በአለቃዬ ላይ ያደላሁ ነው የሚመስለው። አንዱ እሷ ግራ ዘመም ናት ብሎ፣ አንዱ ግራ ዘመምነቷ አልበቃኝም ብሎ፣ አንዱ ሚስቱን ሊያበሽቅ የሞላው ሣጥን «እኛ» አይባልም። ስብሰባ ቢጠሩ ሊቀመንበር መምረጥ አይችሉም፤ መጨረሻ ላይ ያው መስመር ነው የሚያሸንፈው። ለቁጥሩ ግን ይሄ ሰበብ አይሆንም። ተቆጥሯል፤ ይነበባል።

ፌብሩዋሪ 2024 መጣ። ስቴቱ የሪፐብሊካን የፕሬዚዳንት ዕጩ መለያ ምርጫ አደረገ፤ ፓርቲው ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ የራሱን ኮከስ፣ ማለትም አባላቱ ተሰብስበው የሚመርጡበትን ስብሰባ፣ ጠራ፤ ትራምፕ የተመዘገበው ኮከሱ ላይ ብቻ ነው። በመለያው ምርጫ የቀረችው የታወቀች ዕጩ ኒኪ ሄሊ ነበረች። እሷ 30 በመቶ ገደማ አገኘች፣ «ማንንም» 63። አገር ሳቀ።

እሁድ አለቃችን ፕሮግራሙን በምን ቢከፍት ጥሩ ነው? «ውድ አድማጮቻችን፣ ኔቫዳ ውስጥ ማንም አሸነፈ!» እየተደሰተ፣ ቃሉን እያጣጣመ። ይሄስ ይሁን፤ ጥሩ አከፋፈት ነው። ቀጥሎ ግን «በዚህ ጣቢያ ለዚህ መስመር ልዩ ትኩረት ስንሰጥ መቆየታችንን የቆያችሁ አድማጮቻችን ታስታውሳላችሁ» አለ። ውኃ እየጠጣሁ ነበር፤ ትን አለኝ። ስልኩን ዓይን ዓይኑን አየሁት። ያ ሰውዬ ቢደውልልኝ ወረፋ ሳላስጠብቅ ነበር የማስገባው። አልደወለም። የሥራ ሰዓቱ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ አለቃችን ለዚህ መስመር ጠበቃ ሆኖ አረፈው። ኖቬምበር 2024 ትራምፕ ኔቫዳን ሲወስድ፣ ከ2004 ወዲህ የመጀመሪያው ሪፐብሊካን ሆኖ፣ በዚያው ወረቀት ዴሞክራቷ ጃኪ ሮዘን የሴኔት ወንበሯን በ24 ሺህ ገደማ አስጠበቀች። ማንንም ያሉት በሮዘን ውድድር ከ40 ሺህ በላይ ናቸው። ይሄን ሁሉ ቁጥር አንድ በአንድ፣ ያለ ምንም ማሳጠር፣ አነበበው። አድማጭ ወደ ሙዚቃ ይቀይራል የሚባለው ነገር የት እንደደረሰ አልጠየቅኩም። ማስታወቂያ ገባ፤ ቀጥሎ የተወካዮች ምክር ቤቱ ውጤት ነው። ወረቀቱን አይቶ መነጽሩን ወደ አፍንጫው አወረደ።

«እዚህ ላይ ማንም የት ሄደ?»

«እዚያ ላይ የለም፣ ጋሼ። ስቴቱ በሙሉ ለሚመርጣቸው ብቻ ነው ያለው። ቲተስ፣ ሊ፣ ሆርስፎርድ በየወረዳቸው ነው የሚመረጡት፤ እነሱ ወረቀት ላይ መስመሩ አይታተምም።»

«ቆረጥሽው?»

«አልቆረጥኩም።»

«የሰው ድምፅ እኮ ነው የምትቆርጪው» አለኝ፤ ቅር ብሎት፣ ከልቡ። ስልኩን አውጥቶ ካልኩሌተሩን ከፈተ። የዲና ቲተስን ወረዳ መቶኛ አንድ በአንድ አስገባ። መቶ መጣለት። ቀና ብሎ አየኝ፣ አላመነም፤ ወደ ሱዚ ሊ ወረዳ ሄደ። በጣቴ በመስታወቱ በኩል «ሠላሳ ሴኮንድ» አልኩት፤ እጁን አወናጨፈብኝና መደመሩን ቀጠለ።