አሸክሚኝ

እሑድ ነው። መስቀል ካለፈ ዐሥር ቀን ሆኖታል።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አዲስ የሆነ ነገር የለም። ያው እማዬ በግንቦት ካረፈች ወዲህ ያለው ነው። ሥራው አለ። ቤቱ አለ። የእማዬ ክፍል እንደተዘጋ አለ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ግን አንድ ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። "ዛሬ አንቺን የሚፈልግ ማን አለ?" ይለኛል። ቆጥሬ ቆጥሬ ማንንም አጣለሁ።

እህቴ ደግሞ መልስ ትጠብቃለች። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ከገባች 11 ዓመቷ ነው። "ወደዚህ የምትመጪበትን ፕሮሰስ ልጀምርልሽ ወይስ ልተወው? ቁርጡን ንገሪኝ" ካለችኝ ሦስት ሳምንት አለፈ። ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እግዜር ይወቀው። ቢሆንም ዛሬ ካልተጀመረ መቼም አይደርስም ትላለች። እውነቷን ነው።

እና ዛሬ ለመወሰን ብዬ እንጦጦ ወጣሁ። ሽሮ ሜዳ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ በእግሬ። በ2013 የተከፈተው ፓርክ አለ፤ ሰው ይወደዋል፣ እኔም እወደዋለሁ። ዛሬ ግን ድሮ ከእማዬ ጋር ማርያምን ልንሳለም በምንሄድበት መንገድ መውጣት ፈለግሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ትንፋሽ ያጥራል። እማዬ በየመታጠፊያው ቆማ "እስቲ አገር እንይ" ትል ነበር። ደክሟት እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ዛሬ እኔም በየመታጠፊያው ቆሜ አገር አየሁ።

ጉም ነበር። ከተማው አይታይም። ከታች የሚሰማው የመኪና ድምፅ ብቻ ነው። ከመንገዱ ዳር ግን አደይ አበባው ፈክቷል። ማንም አልዘራውም፣ ማንም ውሃ አላጠጣውም። ጥቂት ሳምንት ብቻ አለው፤ ከዚያ ይሄዳል። አንድ ማጅራቱ ነጭ የሆነ ትልቅ ቁራ አጥር ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ዝም ብዬ አየሁት። ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ትንሽ ቀለል አለ።

ከዚያ ስለ ባሕር ዛፍ ማሰብ ጀመርኩ። ስሙ ራሱ መጤነቱን ይናገራል። በምኒልክ ዘመን ነው ከአውስትራሊያ የመጣው። ቤተ መንግሥቱ እዚህ ተራራ ላይ በነበረ ጊዜ የአካባቢው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ አለቀ። በ1879 ከተማው ወደ ፍል ውሃ ወርዶ አዲስ አበባ ከተባለ በኋላም የእንጨት ችግር አልለቀቀውም። ያኔ ነው ይሄ እንግዳ ዛፍ የደረሰለት። አፈር ያደርቃል፣ ሌላ ተክል ከሥሩ አያበቅልም ብለው የሚወቅሱት አሉ። ልክ ናቸው። ግን ከተቆረጠ በኋላ ጉቶውን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ከጎኑ እንደገና ያቆጠቁጣል። አንዱን ሲቆርጡት አራት አምስት ሆኖ ይነሣል። እኔስ ባሕር ተሻግሬ ሌላ ምድር ላይ ብተከል እበቅል ይሆን? የመጣሁበት ጉዳይ ላይ ደረስኩ ማለት ነው። ቁጭ ብዬ ላስብበት ድንጋይ ስፈልግ ነው ድምፁ የመጣው።

"ልጄ፣ እስቲ አሸክሚኝ።"

ዞር ስል አንዲት እናት ናቸው። መሬት ላይ ቁጢጥ ብለዋል። ጀርባቸው ላይ ከሳቸው የሚረዝም የእንጨት እስር። ገመዱ ደረታቸው ላይ ተሻግሮ ታስሯል። ዐረፍ ለማለት አውርደውት ኖሯል። አሁን ሊነሡ ፈልገው እንቢ ብሏቸዋል።

"ምን ላድርግ እማማ?"

"ከኋላ ደግፈሽ ወደ ላይ ብቻ ግፊልኝ። ሌላው የኔ ነው።"

ከኋላ ሄድኩ። እስሩን ከሥር ያዝኩት። እሳቸው "በስመ አብ" አሉ። ገፋሁ። ክብደቱ አስደነገጠኝ። እኔ ሁለት እርምጃ የምራመድበት አይመስለኝም። እሳቸው ግን አንዴ ጉልበታቸው ከተዘረጋ በኋላ ቀጥ አሉ፤ ቀጥ ማለት ከተባለ፣ ወገባቸው ጎብጦ። "እግዜር ይስጥልኝ። የሚያሸክምሽ አይጥፋ" ብለው ወደ ታች ጉዟቸውን ቀጠሉ። ዞር ብለው አላዩኝም። ከዚያ ሸክም ሥር ዞር ማለት አይቻልማ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የማስበው ሁሉ ተቀየረ። ስለ ሜሪላንድ አንድ ነገር አላሰብኩም።

"አሸክሚኝ።" ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ? ገበያ፣ መርካቶ፣ ሰፈር ውስጥ ውሃ ስንቀዳ። አስቤው ግን አላውቅም። እኚህ እናት ሸክማቸውን መሸከም ይችላሉ። ቁልቁለቱን ሁሉ፣ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። የማይችሉት ማንሣቱን ብቻ ነው። ለዚያች ለአንዲት ደቂቃ ሌላ ሰው ያስፈልጋቸዋል። እና ያ ሰው ዘመድ መሆን የለበትም። ስሙ መታወቅ የለበትም። መንገድ ላይ መገኘቱ ይበቃል። ሸክሙን አይወስድላቸውም፤ ግማሹን እንኳ አይወስድም። ቋንቋችን ለዚህች ለአንዲት ደቂቃ ብሎ ለብቻዋ ግስ ሰጥቷታል። ማሸከም። ይሄ ነገር ለምን እንዲህ እንደነካኝ ስሄድም አላለቀልኝም።

እጄን አፍንጫዬ ላይ ሳደርግ የባሕር ዛፍ ሽታ። ከእስሩ ላይ የነበረው ቅጠል ነው። ያ ሽታ ደግሞ እማዬ ናት። ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን በድስት አፍልታ፣ ነጠላ ደርባብን፣ "ታጠኑ፣ ሳብ አድርጉት" ትለን ነበር። እኔና እህቴ አንድ ነጠላ ውስጥ። ላብ በላብ ሆነን፣ ፊታችን ቀልቶ። እሷ ደግሞ ከውጭ የነጠላውን ጫፍ ይዛ፣ እንፋሎቱ እንዳይወጣ።

መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። ጥሩ ልቅሶ ነበር።

ከዚያ አንድ ሰውዬ ትዝ አለኝ። የግንቦቱ ሰውዬ። ለማንም ነግሬ የማውቅ አይመስለኝም። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ምግብ ከቀመስኩ ስንት ሰዓት እንደሆነኝ አላውቅም። አጠገቤ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ። ከፌስታል ውስጥ ድፎ ዳቦ አወጡ። ለሁለት ከፈሉት። ትልቁን ግማሽ እጄ ላይ አስቀመጡ።

"አይ አባባ፣ አልራበኝም።"

"ብዪ ልጄ። አስታማሚ ካልበላ በሽተኛውን ማን ያነሣዋል?"

በላሁ። እሳቸው ለማን እንደመጡ አልጠየቅኋቸውም። ሊነጋጋ ሲል ነርሷ ጠራችኝ፤ ስመለስ ቦታቸው ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ያንን ቀን በእግሬ ቆሜ ያሳለፍኩት ግን በዚያ ዳቦ ይመስለኛል። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ሰው፣ ድንኳኑ፣ ዕድሩ፣ ሁሉም ደግፎኛል፤ አልክድም። ከመሬት ያነሣኝ ግን ስሙን የማላውቀው ሰው ነው። እሳቸው አሁን ያስታውሱኝ ይሆን? ወይስ እኔ የዛሬዋን እናት እንዳሸከምኳቸው፣ ገፍተው ብቻ መንገዳቸውን ቀጠሉ? የሳቸውስ ታማሚ ዳነ?

ወደ ቤት ስመለስ ከሰዓት በኋላ እህቴ ደወለች። እሷ ጋ ጠዋት ነው። የሌሊት ሺፍት ጨርሳ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣለች። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው። ሌሊቱን ሙሉ ሰው ስታነሣ፣ ስታገላብጥ፣ ስታስተኛ ነው የምታድረው።

"እሺ፣ ወሰንሽ?"

"እንጦጦ ሄጄ ነበር" አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ እንጨቷ እናት፣ ስለ ቃሉ፣ ስለ ነጠላው። ስለ ዳቦውም ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም፤ እሷ ደግሞ ማቋረጥ ልማዷ ነው። የተቋረጠ መስሎኝ "አለሽ?" አልኳት።

"አለሁ።"

ትንሽ ቆይታ አፍንጫዋን ሳብ አደረገች።

"እታች ስትደርስስ" አለችኝ፣ "ማን አወረደላት?"

አልጠየቅኋቸውም። እስካሁን መስኮቱ ጋ ተቀምጬ የማስበው እሱን ነው። ጉሙ ለቆ ተራራው ጥቁር ሆኖ ይታያል።