ሮኬቱ፣ ጉንፋኑና የእማዬ ዶሮ ወጥ

እማዬ ከአዲስ አበባ በመጣች በሁለተኛው ቀን ምግብ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን ነገር አየችና «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። ሮኬት ነው አልኳት። ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ ባለቤቴን ወደ ጓዳ ጠርታ «ልጄ ሥራ ላይ ችግር ገጥሞታል እንዴ?» ስትላት ሰማሁ።

ምንም አልገጠመኝም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ሌላው ሰው ቅዳሜ ኳስ ያያል፣ እኔ ካርቶን አጣብቃለሁ። ትንንሾቹን ሮኬቶች ማንም ያስወነጭፋል። የሞተሮቹ ጉልበት የሚለየው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ አንድ ፊደል ከፍ ባልክ ቁጥር ወሰኑ እጥፍ ይሆናል። «ኤች» ላይ ስትደርስ የምስክር ወረቀት ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ ናር እና ትሪፖሊ የሚባሉ ማኅበራት ይሰጡታል።

ፈተናው ሲያወሩት ቀላል ነው። ሮኬቱን ራስህ ትሠራለህ። ታስወነጭፈዋለህ። በፓራሹት በሰላም ይወርዳል። ምስክሩ አገላብጦ ያየውና «ይሄ ደግሞ መብረር ይችላል» ካለ አለፍክ።

ሁለት ወር ፈጀብኝ። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር። የኮምፔንሳቶ ክንፎቹን በኢፖክሲ አጣብቄ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ቀባሁት። የክብደቱ ማዕከል የት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ወገቡን አስሮ ማንጠልጠል ያስፈልጋል። ገመድ አጣሁ። የእማዬ ነጠላ ወንበር ላይ ነበር። የክብደቱ ማዕከል፣ የአየሩ ግፊት ከሚያርፍበት ቦታ ቢያንስ በሮኬቱ ውፍረት ልክ ወደ አፍንጫው መቅደም አለበት። ካልቀደመ ሮኬቱ ሰማዩን ትቶ ተመልካቹን ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ለእማዬ አስረዳሁ። እሷ የምታየው ነጠላዋን ብቻ ነው።

ላረጋጋት ብዬ የሮበርት ጎዳርድን ታሪክ አመጣሁ። በ1926 (እ.ኤ.አ.) በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራውን የመጀመሪያ ሮኬት ማሳቹሴትስ ውስጥ ዘመዱ እርሻ ላይ አስወነጨፈ። ሁለት ሰከንድ ተኩል በረረ፣ 12 ሜትር ገደማ ወጣ፣ ጎመን መሐል ወደቀ።

«የሰው ጎመን አበላሽቶ!» አለች እማዬ። ታሪኩ እዚያው አለቀ።

አሁን ወደ ዱቄቱ። ሮኬት ከፍ ሲል ከዓይን ይጠፋል። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው ፓራሹቱ ላይ ባለ ቀለም ዱቄት ያደርግበታል፤ ፓራሹቱ ሲወጣ ሰማዩ ላይ ደመና ይታያል። እኔም አናጢዎች ክር ነክረው መስመር የሚያሰምሩበትን ቀይ የጠመኔ ዱቄት ገዛሁ። ጠርሙሱ ክዳኑ ተሰበረና በፌስታል ቋጥሬ ጓዳ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። እማዬ ከአገር ቤት ያመጣችው በርበሬም እዚያው ነበር። እሱም በፌስታል። ምን አስቤ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ቀኑ ደረሰ። የነቢያት ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ቀርቶታል፣ ማታ እንግዳ አለብን፣ ዶሮ ይሠራል። እኔ ጉንፋን ይዞኛል፤ አፍንጫዬ ድፍን ብሏል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ሰው እንዳልቀሰቅስ መብራት ሳላበራ ፓራሹቱን አጣጠፍኩ። እሳት በማይበላው ጨርቅ ሸፈንኩት። ከዱቄቱ ሦስት ማንኪያ በሶፍት ቋጥሬ ከላይ ጨመርኩ።

የቼሳፒክን ድልድይ ተሻግሬ ሜዳው ደረስኩ። አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ባዶ ነው። የደህንነት ኃላፊው ክንፉን ነቀነቀ፣ አፍንጫውን ሳበ፣ እሺ አለኝ። ሮኬቱን ማስወንጨፊያው ሐዲድ ላይ አቁሜ፣ ሽቦውን አያይዤ፣ ከ30 ሜትር በላይ ርቄ ቆምኩ። በድምጽ ማጉያ ቆጠሩ። አምስት፣ አራት...

እንደ ጨርቅ ተቀደደ አየሩ። 400 ሜትር ገደማ ወጣ። ከዚያ ዝም አለ። ሞተሩ ካበቃ በኋላ ባሩዷ ፈንድታ ፓራሹቱን እስክትገፋው ድረስ ስምንት ሰከንድ ነው የሞላሁላት። ስምንት ሰከንድ እንደዚህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ጧ! ቀይ ደመና። ሰዉ አጨበጨበ። አንዱ «እንዴት ያለ ቀለም ነው!» አለ።

ሮኬቱን እንደ ሕፃን አቅፌ ለምስክሬ አመጣሁለት። ነጭ ጺም ያላቸው ጨዋ ሰው ናቸው። ፓራሹቱን ከፍ አድርገው አራገፉት። አስነጠሱ። ይቅርታ ጠየቁ። እንደገና አስነጠሱ። ዓይናቸውን በጣታቸው አሹት። ባላሹት ይሻል ነበር።

ውሃ አመጡላቸው። እኔ ግራ ገባኝ፤ ጠመኔ እንዲህ ያደርጋል? ጣቴን ፓራሹቱ ላይ አስነክቼ ቀመስኩ።

መጀመሪያ ኮረሪማው መጣ። ከዚያ ማቃጠሉ።

እሳቸው እንባቸው እየወረደ «ሮኬቱ ምንም አልሆነም» ብለው ፈረሙልኝ። እኔ ግን ማለፌን ረስቻለሁ። ከጓዳው የወጣው በርበሬው ከሆነ፣ እዚያ የቀረው ምንድን ነው?

ደወልኩ። አንስታ ቶሎ አወራች።

«ልጄ፣ ይሄ የዘንድሮ በርበሬ ቀለም ብቻ ሆነብኝ እኮ! ስድስት ማንኪያ ጨመርኩ፣ አይጥምም። ቀለሙ ግን ብታየው!»

«እማዬ፣ ድስቱን አውርጂው።»

«ገና እንቁላል አልጨመርኩም።»

«አትጨምሪ!»

ማታ እንግዶቻችን ፒዛ በሉ። የምስክር ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ ፊርማው አጠገብ ቀይ የጣት አሻራ አለበት። እማዬ ባለፈች ቁጥር እሱን እያየች «ስምንት ሰዓት ያቁላላሁት ሽንኩርት!» ትላለች።