ኬዙን ዝጉና ሞክሩት

የጌም ኮምፒውተሩ እየሞቀ የሚያስቸግረው ደንበኛ እኛ ኮምፒውተር ጠጋኞች ጋ የሚደርሰው ብዙ ብር ካወጣ በኋላ ነው። መጀመሪያ «መብራት ነው» ይሉታል፣ ስታብላይዘር ይገዛል። ቀጥሎ ፓወር ሰፕላይ ይቀይራል። መጨረሻ ላይ «ግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን የሚሠራው ክፍል) አልቆለታል፣ ሌላ ግዛ» ይባላል። ካርድ ደግሞ የዋዛ ዕቃ አይደለም። ለብዙ ቤተሰብ የወራት ደሞዝ ነው። ይሄ ነገር ስለሚያንገበግበኝ ነው ገጠመኙን የምጽፈው።

የምንሠራው መገናኛ አካባቢ ነው። አንድ ወጣት ከእናቱ ጋር ኮምፒውተሩን ተሸክሞ መጣ። ካርዱ አርቲኤክስ 3080 ነው፤ ያገለገለ፣ በሰው እጅ ከዱባይ የመጣ። ጌም ከተጀመረ ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ የካርዱ ፋኖች እስከ ጥግ ይዞራሉ፣ ኮምፒውተሩ ግን እንደበራ ነው። ይቺን ምልክት ልብ በሉ። መብራት ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር እኩል ድርግም ይል ነበር። ስክሪኑ ብቻ ጠቁሮ ፋኑ ከጮኸ ግን ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ካርዱ ጋ ነው።

እናትየው ደክሟቸዋል። «ልጄ፣ ሁለት ቦታ ወስደነው ምንም የለበትም አሉን። ሦስተኛው ደግሞ ሞቷል አለን። የቱን እንመን?» አሉኝ።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የጎኑን መስታወት አንስቶ ጌም አስነሳ። ሠራ። ቆየን፣ አሁንም ሠራ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የገባኝ። ቴክኒሻን የሆነ ሰው ሁሉ ኮምፒውተር የሚሞክረው ኬዙን፣ ማለትም ቀፎውን፣ ከፍቶ ነው፣ ምክንያቱም እጁ እንደልብ ይገባለታል፤ ኬዙ ሲከፈት ግን ካርዱ የክፍሉን ቀዝቃዛ አየር በቀጥታ ይስባል፣ በሽታውም ይደበቃል። እነዚያ ሁለት ሱቆች አልዋሹም። ያዩት እሱን ነው።

«እናቴ፣ ቤት ውስጥ የት ነው የሚያስቀምጡት?» አልኳቸው።

«ጠረጴዛው ሥር ሳጥን አለው፣ እዚያ ውስጥ። በሩን እዘጋበታለሁ። አቧራ እንዳይገባበት ብዬም ላዩ ላይ ዳንቴል ጣል አደርጋለሁ።»

አቧራ መፍራታቸው ልክ ነው፤ አቧራ ፋንና ሂት ሲንክ (ሙቀቱን ከቺፑ የሚወስደውን ብረት) ይደፍናል። ችግሩ የዚህ ኬዝ ትኩስ አየር የሚወጣው በላይ በኩል መሆኑ ነው። ስለዚህ ኬዙን ዘጋን፣ ላዩ ላይ ፎጣ ጣል አደረግንበት፣ ሙቀቱን በቁጥር የሚያሳየውን ኤች ደብሊው ኢንፎ የሚባል ፕሮግራም ከፍተን ጌሙን እንደገና አስነሳን። ብዙ ሰው የሚያየው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ የካርዱን ዋና ቺፕ ሙቀት። ይሄ ካርድ ግን ሦስት ይሰጣል፦ የቺፑን፣ ከቺፑ ላይ በጣም የሚግለውን ነጥብ ማለትም ሆት ስፖቱን፣ እና የሜሞሪውን።

ቺፑ 83 ዲግሪ ላይ ቆመ። ይሄን ብቻ ያየ ሰው «ትንሽ ሞቋል» ብሎ ያልፈዋል፣ ካርዱ ራሱ ለመያዝ የሚሞክረው እዚያው አካባቢ ነውና። ሜሞሪው 86። ሆት ስፖቱ ግን 100ን አለፈ፣ 109 ሲደርስ ስክሪኑ ጠቆረ። በቺፑና በሆት ስፖቱ መካከል ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር አልደነግጥም። 26 ሲሆን ግን ሂት ሲንኩ ቺፑን በደንብ አልነካውም ማለት ነው።

አዲስ አበባ ስለምንኖር አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት፣ አየሩም ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ወደ 20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ያው ፋን በያው ፍጥነት ቢዞር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። አየሩ ቀዝቀዝ ማለቱ ያካክሰዋል፣ ሳጥን ውስጥ ከዘጋንበት ግን እሱም ጥቅሙ ይቀራል።

ካርዱን ፈታነው። በቺፑና በሂት ሲንኩ መካከል የሚቀባው ፔስት ሁሉንም ተናገረ። በአንዱ ጥግ ቺፑ እስኪታይ ድረስ ስስ ነው፣ በሌላኛው ጥግ ወፍራም፣ የሂት ሲንኩ አሻራ እንኳ ያላረፈበት። ሜሞሪው ላይ ያሉትን ቴርማል ፓዶች (ሙቀት ወደ ሂት ሲንኩ የሚያስተላልፉ ለስላሳ ቁራጮች) በካሊፐር ለካናቸው፣ 2.5 ሚሊ ሜትር። ለዚህ ሞዴል የሚሆነው 2 ነው። ሻጩ ካርዱን ለማይኒንግ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ ለመቆፈር፣ ይጠቀምበት እንደነበር ለልጁ ነግሮታል። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በካርድ መቆፈሩ ሲያበቃ እንዲህ ዓይነት ካርድ በየአገሩ ገበያ ላይ ፈሰሰ። ማይኒንግ ሜሞሪውን ክፉኛ ያግለዋል። እና አንድ ሰው ሜሞሪውን ላቀዝቅዝ ብሎ ወፍራም ፓድ ለጥፏል፣ ሜሞሪውም በእርግጥ ቀዝቅዟል፣ ግን ያቺ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሂት ሲንኩን ከቺፑ ላይ አንስታዋለች። ካርዱ ምንም አልሆነም። ያለቀለት ነገር የለም።

ልኩን ፓድ ማግኘት አስቸገረን፣ በመጨረሻ ከውጭ በሰው አስመጣን። አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጠርገን አዲስ ቀባን፣ ብሎኖቹን ደግሞ በሰያፍ፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው እያልን ጥቂት በጥቂት አጠበቅን። አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የካርዱን ፓወር ወደ 80 በመቶ አወረድነው፤ ልጁ ጌሙ ላይ ለውጡን በዓይኑ መለየት አልቻለም።

ኬዙ ተዘግቶ ቺፑ 71፣ ሆት ስፖቱ 84 ሆነ። ሜሞሪው ወደ 92 ከፍ አለ፣ ካርዱ ራሱን ማዘግየት የሚጀምረው ግን 110 ላይ ስለሆነ አያሰጋም። ኮምፒውተሩ ከሳጥኑ ወጥቶ ጠረጴዛው አጠገብ እንዲቀመጥ፣ ዳንቴሉንም ጠፍቶ ሳለ ብቻ እንዲለብስ ከእናትየው ጋር ተስማማን።

አሁን ሱቃችን ሙቀት ይዞ የመጣ ኮምፒውተር ሁሉ ከመፈታቱ በፊት ኬዙ ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት ጌም ላይ ይቆያል። የት እንደሚቀመጥም እንጠይቃለን። የሦስቱን ቁጥሮች ፎቶ ከጥገናው በፊትም በኋላም አንስተን ለባለቤቱ በቴሌግራም እንልካለን፤ ሌላ ጊዜ ሌላ ቴክኒሻን ጋ ቢወስደው ከምን እንደሚጀምር እንዲያውቅ።